ዕርቅ ሳይኖር የተጠመቀ የዕርቅ ጠላ

ከሉማሜ መነሻ

ቅዳሜ ጠዋት ከሉማሜ የተነሣሁት ሃያ ሊትር ጠላ በቢጫ ጀሪካን ይዤ ነው። የምሄደው ጮቄ ተራራ ሥር ወዳለችው ሮብ ገበያ፣ ሁለቱን ወንዶች ልጆቼን ለማስታረቅ። የታናሹ የሞላ በሬ የታላቁን የዳኘውን ገብስ ከበላ ሁለት ክረምት አለፈ። በሬው ጠግቦ ረሳው፤ እነሱ ግን ሰላም አይባባሉም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ በምሥራቅ በር ሲገባ ሌላው በምዕራብ ይወጣል።

እኔ ተማሪ ቤት ገብቼ ዳዊት አልደገምሁም፤ በራሴ ቃል ስለ እነሱ መጸለይ ግን አላቋረጥሁም። ታዲያ አንድ ቀን ስሰግድ፣ "ዛሬ ታረቁ ቢሉሽ ለደስታው ምን አሰናድተሻል?" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ምንም! ዝናብ እየለመነ ማሳውን የማያርስ ገበሬ መሰልሁ። ከስግደቴ ተነሥቼ ለብቅል የሚሆን ገብስ ነከርሁ።

በመንገድ ላይ

ሚኒባሱ ሲንጠው ጠላው ተቆጣ። ክዳኑን ላላ ሳደርገው "ጢስ!" አለና ጎኔ የተቀመጠችውን መምህርት አስደነገጣት።

"እማማ፣ የሠርግ ነው?" አለኝ ረዳቱ።

"የዕርቅ ነው፣ የኔ ልጅ።"

"እሰይ! መቼ ታረቁ?"

"ገና ናቸው።"

መኪናው በሙሉ ሳቀ። "እንግዲያው እኔና ሹፌሩ ጠዋት ተጣልተናል፤ እኛን ያስታርቁንና እዚሁ እንጠጣው!" አለ። እንዲህ እየቀለደም ለጀሪካኑ እንደ ሰው ወንበር አስከፈለኝ።

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላሁና ወደ ሮብ ገበያ የሚወጣውን መኪና ያዝሁ። ዳገቱ ሲጀምር ብርዱም ጀመረ። ገብሱ አረንጓዴ ነው፤ ጮቄ ጉሙን ተከናንቧል። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ፣ "ጌታዬ፣ በጎረቤት ፊት አታሳፍረኝ" እላለሁ። የሳቁት ሁሉ ትዝ ሲሉኝ ጀሪካኑን ወደ ራሴ ጠጋ አደረግሁ።

ሮብ ገበያ

ከሁለቱም ልጆቼ ቤት አልገባሁም። ጎረቤታቸው የሺ ዘንድ አረፍሁና "ነገ ከቅዳሴ በኋላ የልጆቼ ዕርቅ ነው" ብዬ ሰፈሩን ጠራሁ። የሺ ደረቷን መታች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ማን ታረቅሁ ብሎሽ?"

"እኔ ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ፤ ለእነሱ እሱ ይንገራቸው።"

እሑድ የሺ ግቢ በሰው ሞላ። ዕርቁ ሳይፈጸም ግን ጠላው አይቀዳም። ሽማግሌው አያ ገበየሁ ባዶ ጣሳውን እያገላበጠ፣ "ወይ ይታረቁ፣ ወይ እኛ እንጣላ!" ይላል።

በመጨረሻ ሞላ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ገባ። እልል ልንል አፋችንን ስንከፍት ዳኘው በጓሮ በኩል ብቅ አለ። እሱም ድንጋይ ተሸክሟል! ተፋጥጠው ቆሙ።

"አንተ አይደለህ እናታችንን የላክሃት?" አለ ዳኘው።

"እኔ? አንተ መስለኸኝ ነው እንጂ፣ አያ!"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"ማንም አልላከኝም" አልሁ።

አያ ገበየሁ ብድግ አለ። "ሁለታችሁም በዳይ ከሆናችሁ ተበዳዩ ማነው? ማን ይቅር ብሎ ድንጋዩን ያውርደው?"

"በሬው ይጠራ!" አለ አንዱ ከበር።

ሳቁ ሳያባራ ዳኘው የሞላን ድንጋይ፣ ሞላም የዳኘውን አወረዱ። ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔ ስለ እልልታው ምን ልበል፤ ድምፄ እስከ ዛሬ ተዘግቷል።

ጠላው ሲቀዳ የሞላ ሚስት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ያን ድንጋይ እኮ ከዐቢይ ጾም ጀምሮ ከቤት ኋላ አስቀምጦት ነበር፤ ቀድሞ መሄድ አፍሮ ነው" አለችኝ።

መመለሻ

ሰኞ ሉማሜ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ የምራቴ ነገር ከልቤ አልወጣም። ለካ እኔ ምንም በማላይበት ጊዜ እግዚአብሔር ልባቸውን ሲያለሰልስ ኖሯል።

ሴት ልጄ በር ላይ ተቀበለችኝና ሁሉንም ከሰማች በኋላ፣ "እምዬ፣ እምቢ ቢሉሽስ ኖሮ?" አለችኝ።

"ጠላውን ጎረቤት ይጠጣው ነበር" አልኋት፤ "እኔም ተመልሼ ሌላ ገብስ እነክር ነበር።"