ያላለቀው የጋሼ ሣህለ ማርያም ሥራ

ሳብሪያ ሐምዱ የሞጣ ልጅ ናት፤ አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምራ ስትጨርስ ዘመዶቿ እዚያው እንድትቀር ቢመክሯትም፣ በ2009 ዓ.ም. ቢቸና አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ሥራ ያዘች። ሥራዋ ከጋሼ ሣህለ ማርያም ጋር ሆና የታካሚዎችን ካርድ የሚያወጣውን ፕሮግራም መጻፍና መጠገን ነበር። ለሁለቱ የነበራቸው አንድ ኮምፒውተር ነው። ፕሮግራሙን በሁለት ብራንች፣ ማለትም ጎን ለጎን በሚሄዱ ሁለት ቅጂዎች፣ ለይተው ያዙት፤ አንደኛው ካርድ ክፍሉ በየቀኑ የሚሠራበት ዋናው ነው፣ በሌላው ጋሼ አዲስ ነገር ይሞክሩበታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት የካርድ ክፍሏ ወይዘሮ ፈንታነሽ ሁለት ካርድ ይዘው ገቡ።

«ሳብሪያ፣ ፕሮግራሙ ለሁለት ነፍሰ ጡሮች አንድ ቁጥር ሰጠ። የአንዷ የደም ዓይነት በሌላዋ ስም ወጥቷል።»

ሳብሪያ ካርዶቹን ተቀብላ አየች። «እስካስተካክለው በእጅ ይጻፉልኝ፤ ጠዋት የወጡትንም ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክሩ» አለችና ተቀመጠች።

ኮምፒውተሩ ያለው በጋሼ መሞከሪያ ብራንች ላይ ነው፤ ወደ ዋናው ልለፍ ስትል እምቢ አላት። ያልተመዘገበ ለውጥ አለ፣ ካለፍሽ ይጠፋል ይላል። ጋሼ ሣህለ ማርያም ቅዳሜ ዕለት የወንድማቸውን ሞት ሰምተው ወደ ሞጣ ሲሮጡ፣ የአራት ቀን ሥራቸውን ኮሚት ሳያደርጉ፣ ማለትም ሳይመዘግቡ፣ ነበር የሄዱት። ስልካቸው ዝግ ነው።

የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሰማው በሩ ላይ ቆሙ። «በግድ እለፊው፤ ሰው ተሰልፏል።»

«በግድ ካለፍኩ የጋሼ ሥራ ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ይስጡኝ።»

«መልሶ ይጽፈዋል።»

«ከለቅሶ መጥተው?»

«ሩብ ሰዓት ብቻ» ብለው አቶ ሰማው ወደ ተሰለፉት ሰዎች ሄዱ።

ያላለቀ ለውጥን ጠቅልሎ ለጊዜው ወደ ጎን የሚያስቀምጥ ትእዛዝ አለ፤ ስታሽ ይሉታል። ሳብሪያ ግን ከማዘዟ በፊት ፋይሎቹን አንድ በአንድ አየች። ሁለቱ ጋሼ አዲስ የፈጠሯቸው ናቸው፤ ስታሽ ለብቻው ካልተነገረው እንዲህ ያሉትን ትቶ ያልፋል። እነሱንም ጨምራ ጠቀለለችና «የጋሼ ሣህለ ማርያም፣ ያላለቀ» ብላ ስም ሰጠችው። ከዚያ ወደ ዋናው ብራንች አለፈች።

ጥፋቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች በየኮምፒውተራቸው እኩል ሲጫኑ ፕሮግራሙ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ያድላል። አረመችው፤ ከወይዘሮ ፈንታነሽ ጋር ደጋግማ ሞከረችው፤ መዘገበችው። ሁለቱ እናቶች ገና አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ትክክለኛ ካርዳቸው ተሰጣቸው። ሳብሪያም ወደ ጋሼ ብራንች ተመልሳ የጠቀለለችውን ፈታች፤ አንድም ፋይል አልጎደለም።

ሐሙስ ዕለት ጋሼ ጥቁር ለብሰው መጡ። ሥራቸውን እንደተዉት አገኙት። የሆነውን የሰሙት ከወይዘሮ ፈንታነሽ ነው።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ሐዘን ላይ ነዎት ብዬ ነው ጋሼ። ሥራዎም ደህና ነው።»

«ሳላስቀምጥ መነሣቴ የእኔ ጥፋት ነው» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «እኔ ብሆን በግድ አልፈው ነበር» አሉ።

በ2010 ክሊኒኩ ሞጣ ላይ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሲከፍት፣ ኮምፒውተሩን ማን ይያዘው ሲባል ጋሼ ስሟን አስቀድመው አነሡ፤ እሷም ተመደበች። በተከፈተ በሳምንቱ አባቷ ሱቃቸውን ዘግተው ሊያዩዋት ሄዱ።

«ሰዎች ልጅህ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

«የሰው ካርድ ከሰው እንዳይቀያየር ትጠብቃለች ይበሏቸው» አለች ሳብሪያ።