አኪዩዝ ማለት

የቢቸናው ርእሰ መምህር እንግሊዝኛ የሚናገረው አማርኛ አንሶት ሳይሆን ሰው ሲንቅ ነበር። የእንግሊዝኛ ፈተና ቀድሞ ተማሪዎች እጅ የገባ ጊዜ፣ በመምህራን ስብሰባ መሀል ጣቱን ቀስሮ፣ «ፈተና በማሾለክ አኪዩዝድ ነህ» አለኝ። ማስረጃ የለውም፤ ፈተናውን ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንኩ ብቻ ነው። ነገሩ ሳይጣራ ዓመቱ አለቀና ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። እኔ ሞኙ፣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

የሞጣው ኃላፊ ፋይሌን ሲገልጥ ፊቱ ተለዋወጠ። ከቢቸና የመጣው የቃለ ጉባኤ ግልባጭ «ፈተና በማሾለክ የተከሰሰ» ይላል።

«የት ፍርድ ቤት ነው የተከሰስከው?»

«የትም።»

«እንግዲያው ነጻ የወጣህበትን ውሳኔ አምጣ።»

«ሳልከሰስ ከምን ነጻ ልውጣ?»

«እሱን ቢቸናዎችን ጠይቅ። እስከዚያው ክፍል አትገባም።»

ጠመኔ ይዤ ያረጀሁ ሰው፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አቧራ እንዳራግፍ ተመደብኩ። ተማሪዎች በመስኮት እያዩኝ ይንሾካሾካሉ። ደሜ ፈላ። በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቢቸና ሄድኩ።

ርእሰ መምህሩ ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። «እኔ የተናገርኩት በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ቀላል ቃል ናት፤ ጣት መቀሰር ብቻ ነው፣ ፍርድ ቤት የለባትም። የተረጎመችውን ጠይቅ» አለኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሱ ግን ሁለቱንም አሳምሮ ያውቃል፣ ማፈር እንጂ የጎደለው።

ቃለ ጉባኤውን የያዘችው ጸሐፊ እዚያው ትምህርት ቤት ተምራ የወጣች ልጅ ናት። ጠረጴዛዋን በእጄ ደበደብኩት።

«ማነው አኪዩዝ ማለት መክሰስ ነው ያለሽ?»

አልደነገጠችም። «እርስዎ ነዎታ፣ መምህር! ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ሰሌዳ ላይ ጽፈው አስገልብጠውናል። አኪዩዝ፣ ከሰሰ። ፈተና ላይም አምጥተውታል።»

እውነቷን ነው። በየዓመቱ እንደዚያው እጽፈው ነበር። የያዝኩትን ንዴት ማን ላይ እንደማራግፈው ጠፋኝ።

«እና ምን ብዬ ማስተካከያ ልጻፍልዎ?» ብላ እስክሪብቶዋን አነሳች።

ተጠረጠረ ልላት አሰብኩ፤ ፖሊስ ይጠራብኛል። ተወቀሰ ብል ማጥፋቴን ማመኔ ነው።

«ታማ በይ» አልኳት።

«ሐሜት ደብዳቤ ላይ አይጻፍም፣ መምህር» አለችና እስክሪብቶዋን ከደነችው።