መልሰሽ ጫኚልኝ

ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ስልክ እጠግናለሁ። ከአረብ አገር ስመለስ እኩዮቼ ሁሉ ወልደው ከብደው ጠበቁኝ፤ ለእኔ የተረፈኝ የሰው ስልክ ነው። ቀኑን ሙሉ የደንበኞቼ ስልክ ሲጮህ እሰማለሁ፣ የእኔው ዝም ነው።

አንድ አፕ እየተዘጋ ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚለየው ነገር አንድ ነው፤ የታመመው አፑ ነው ወይስ ስልኩን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም? ሌሎቹን ከፍቶ ማየት ነው። ካሜራው፣ ሬዲዮው ደህና ከሆኑ ጥፋቱ የአፑ ነው። ሁሉም የሚዘጋ ከሆነ የሲስተሙ ነውና ፍላሽ ይደረጋል፤ ማለትም በስልኩ ያለው ሁሉ ጠፍቶ ሲስተሙ እንደ አዲስ ይጫናል። ይህን ለስንቱ አስረድቻለሁ መሰላችሁ!

ቅዳሜ ግን ገጠሩ ሁሉ ገበያ ይወጣል፣ ሁሉም የመመለሻ መኪና እንዳያመልጠው ይጣደፋል። አንዲት እናት ከገሳይ መጡ። ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈተው፣ "እባክሽ የኔ ልጅ፣ የልጄ ድምፅ ያለበቱ ስከፍተው ጥርቅም ይልብኛል" አሉኝ። እኔ የሰማሁት መዘጋቱን ብቻ ነው። ካሜራውን እንኳ ሳልነካ ሲስተሙ ነው ብዬ ፍላሽ አደረግሁት። መኪናቸው አላመለጣቸውም።

ሰኞ ሦስት ሰዎች በዚያው አፕ ተቸግረው መጡ። ሦስት ዓይነት ስልክ፣ የሁሉም ካሜራ ደህና። ለካ ሰሞኑን የታደሰው አፕ ራሱ ኖሯል ችግሩ፤ ረቡዕ ላይ በራሱ ተስተካከለ። በራሴ ተናደድኩ፣ ምሳ እንኳ አልበላሁም።

በሳምንቱ ሴትዮዋ የልጃቸውን ድምፅ ስልኩ ላይ ቢያጡት ተመለሱ። ልጃቸው አረብ አገር ናት፣ ከመስቀል ወዲህ ስልኳ አይነሳም። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ትልክላቸው የነበረው ሁሉ በድምፅ ነው። እሱን ነው ያጠፋሁት፣ ሌላ ቦታም አልተቀመጠም።

አልተቆጡኝም። ለአንዱ ደንበኛ መዝሙር ሜሞሪ ላይ ስጭን ቆመው አዩና፣ "ይህን ሁሉ መዝሙር ትጭኚ የለ? የእሷንም መልሰሽ ጫኚልኝ" አሉኝ።

እኔም እዚያ ሳለሁ ለእናቴ ድምፄን እልክ ነበር፤ ስመለስ አፈር ለብሳ ደረስኩ። እንደማይመለስ መናገር አቃተኝና "እፈልገዋለሁ እማማ" አልኳቸው።

ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። የገብስ ቆሎ ይይዙልኛል፣ አጠገቤ ቁጭ ብለው ስለ ልጃቸው ያወሩኛል፣ ሲነሱ "ተገኘ?" ይላሉ። "ገና ነው፣ እየፈለግሁ ነው" እላለሁ። እየፈለግሁ አይደለም። እውነቱን የነገርኳቸው ዕለት፣ በዚህ ከተማ እኔን ብሎ የሚመጣ ሰው አይኖረኝም።