ያነሰው ማሞዝ

ቆላው ከተማ፣ ሲቀላ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ተማሪውን ማንጎላጀት ሲጀምር የድንኩን ማሞዝ ታሪክ አነሳ ነበር። ጠጉራም የዝሆን ዘመድ ነው እላቸዋለሁ። በረዶው ቀለጠ፣ ባሕሩ ሞላ፣ የሚኖርበት ደሴት ጠበበ። ሣሩ ለግዙፍ ሰውነት አልበቃ አለ። ትልልቆቹ አለቁ፣ ትንንሾቹ ወለዱ፤ በብዙ ትውልድ ቁመቱ ከሰው ብዙም የማይበልጥ ሆነ።

የመጨረሻው ታናሽ ወንድሜ እኔው ጋ እየኖረ እኔው ክፍል ይማር ነበር። ቤት በስሜ የሚጠራኝ ልጅ ክፍል ውስጥ እንደ ሌሎቹ "ቲቸር" ይለኛል። አንድ ቀን እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ እያነሰ መሆኑን ያውቅ ነበር?"

"ከየት ያውቃል? የሚያየው እናቱን ነው። እሷን ካከለ ትልቅ ነኝ ይላል።"

"በማነሱ ተረፈ ታዲያ?"

"ለጊዜው። በኋላ እሱም ጠፋ።"

ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

አሥረኛ ክፍል ሲጨርስ ነጥብ አልመጣለትምና ወደ ደጋው፣ ወደ አባታችን ቤት ተመለሰ፤ አገባም። አባታችን መሬታቸውን ለአራት ወንድ ልጆቻቸው እኩል ከፈሉ፤ ደመወዝተኛውን እኔንም ጨምረው! የከብቱ ግጦሽ ሳይቀር ታረሰ። ድርሻዬን ለታናሼ ይስጡልኝ ብዬ ለመንኩ፣ ሽማግሌም ላክሁ። "በቁሜ ልጄን ከመሬቱ አላወጣም" አሉ። ከፍቅራቸው ጋር እንዴት እከራከራለሁ?

ለመስቀል ከቆላዋ መንደር ከላንቴ ሙዝ ገዝቼ ወደ ደጋው ወጣሁ። ለመስቀል ቤቱ የማይገባ የጋሞ ልጅ የለም። ወንድሜ ደጃፉ ላይ ሣር ታቅፎ ቆሟል። አባቴ የወንድሜን አንዲት ላም ጀርባ እየደባበሱ ነው። ላም ከሌለ ፍግ የለም፣ ፍግ ከሌለ እንሰቱ የለም፤ የወንድሜ ኑሮ በእሷ ላይ ነው። በልጅነቴ የነበረችው አያቷ እስከ አባቴ ደረት ትደርስ ነበር። ይቺ ወገባቸውን አታልፍም።

"ትንሽ ናት፤ የምትበላውም ትንሽ ነው" አሉኝ ደስ ብሏቸው። "ትበቃዋለች። ሚስቱም እርጉዝ ናት። ወንድ ልጆች ከወለደች መሬቱን ያካፍላቸዋል።"

እሳቸውን ለማሳመን የቀረኝ ነገር የማሞዙ ታሪክ ብቻ ነበር። ይገባቸዋል ብዬ በጋሞኛ፣ ቀስ እያልኩ ነገርኳቸው። ደሴቱን፣ ሣሩን፣ ማነሱን። አባቴ ጭናቸውን መቱ።

"ብልህ ነው! አሁንም አለ?"

የወንድሜ ሚስት ሆዷን ይዛ በሩ ላይ ተቀምጣ መልሴን ትጠብቃለች።

"አለ፣ አባባ።"

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። "ልክ ነው፣ ቲቸር" አለና የታቀፈውን ሣር ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለላሟ ሰጠ፣ ግማሹን ለነገ አስቀመጠ።