ብርድ የሚነፋው ማሞቂያ

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሰላ ተመድቤ አስተምር ነበር። የመጀመሪያ ልጄ በነሐሴ ተወለደች። ያን ሰሞን ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ለባለቤቴ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ትቶለት ስለነበር፣ ልጄን ከማጠቤ በፊት ቤቱ ይሙቅልኝ ብዬ በደስታ ሰካሁት። ማራገቢያው መዞሩን ዞረ፤ የሚነፋው ግን ቀዝቃዛ አየር ነው።

ባለቤቴ ለሥራ ጎበሳ ሄዷል። ልብስ ሰፊዋ አከራዬ ስበሳጭ ሰምተው መጡና መዳፋቸውን ማሞቂያው ፊት ዘረጉ።

"ይሄማ ጭላሎን ቤት አስገባልን!" አሉ።

"ተበላሽቷል መሰለኝ እትዬ፤ ይተዉት።"

"ከነፋማ ኤሌክትሪኩ ደርሶታል። ያልጋለው ሽቦው ነው። ንቀይው።"

ከሶኬቱ ነቀልኩት። እትዬ የስፌት መኪናቸውን ካቻቪቴ አምጥተው የጀርባውን ክዳን ፈቱ። እኔ ልጄን አቅፌ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ጥቂት ጎርጉረው "አገኘሁት!" ብለው ጮኹ። ወደሚግለው የሽቦ ጥቅልል የምትሄደው ሽቦ ብሎኗ ላልቶ ወልቃ ኖሯል። መልሰው አጠበቋትና ክዳኑን ገጠሙ።

እየፈራሁ ሰካሁት። መጀመሪያ የተቃጠለ አቧራ ሸተተን፤ ወዲያው ጥቅልሉ ፍም መሰለ፤ ሙቀቱ ጉልበቴን ነካኝ።

"ቀላ! እትዬ፣ ቀላ!" ብዬ ዘለልኩ።

እሳቸውም እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤቶቻችን ሌላ ልጅ የተወለደ መስሏቸው ግቢውን ሞሉት፤ ልጄንም በዚያ ሙቀት እየተሻሙ አጠቧት።