እንሶስላ የሸፈነው ጥፍር

ጥፍሬ መልቀቅ የጀመረው ከቀለበት ጣቴ ነው። አላመመኝም። ጫፉ ነጣ፣ ከዚያ ከሥጋው እየተላቀቀ ወደ ታች ወረደ፤ በወሩ ስድስት ጣቴ እንደዚያ ሆነ። ዳላስ መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስለምከፍት በካርቶኑ አሳበብኩ። ማላቤንና የልቤን ቶሎ ቶሎ መምታትም ከድካም ቆጠርኩት። መክሳቴንማ ቤተ ክርስቲያን ያየኝ ሁሉ ሲያደንቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በሐኪም ቀጠሮዬ ዋዜማ፣ ጋርላንድ በምንኖርበት ሕንፃ ከእኔና ከባለቤቴ በታች የሚኖሩ አንዲት እናት እጄን አይተው ደነገጡ።

“ይህን ይዘሽ ነው ሐኪም ፊት የምትቀርቢው?”

ከአገር ቤት የተላከላቸውን እንሶስላ አቡክተው ጣቶቼ ላይ ለጠፉልኝና በፌስታል አሰሩት። እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረገው መሆኑ ነው። ስፈታው ጥፍሬ ሁሉ ቀልቶና ጠቁሮ ነበር፤ የነጣው የቱ እንደሆነ እኔም መለየት አቃተኝ።

ሐኪሟ እጄን ገልበጥ አድርጋ አየችና ቀለሙ እንደሚያምር ነገረችኝ። ጥፍሬ ትንሽ ይነሣል አልኳት። ሌላ የሚሰማኝ ነገር እንዳለ ስትጠይቀኝ የለም አልኩ። ደህና ነኝ ማለት ለምዶብኛል። ጓንት እንዳደርግ መክራ ቅባት አዘዘችልኝ።

ከዚያ አረገዝኩ። በሦስተኛው ወር አስወረደኝ። ባለቤቴ ከሥራ ስላላስቀረኝ ራሱን ወቀሰ፣ አለቀሰም። እኔ አላለቀስኩም። ምንም አልተሰማኝም።

ሆስፒታል በወሰዱት ደም ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢዬ ከልክ በላይ እንደሚሠራ ታወቀ። ወደ ሐኪሟ ተመለስኩ። እንሶስላው ከጥፍሬ ጋር አድጎ አልቋል። ጣቶቼን አንድ በአንድ ያዘቻቸው። ጥፍር በእርጥበት፣ በመመታት፣ በፈንገስም እንደሚለቅ፣ አንዳንዴ ግን ይህ እጢ እንደሚያስለቅቀው አስረዳችኝ። ያኔም እንዲህ ነበር ወይ አለችኝ። አዎ፣ ሸፍኜው ነው አልኳት።

ብታየው ኖሮ ያኔውኑ የደም ምርመራ ታዝልኝ እንደነበር ነገረችኝ። ፅንሱ በዚህ ነው የወረደው ለማለት ግን እርግጠኛ መሆን እንደማትችል ጨመረች። እሺ አልኳት።

ባለቤቴ መኪና ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር።

“ሶ፣ ምን አለችሽ?”

ኪኒን እንደታዘዘልኝ ነገርኩት።

“ጥፋተኛው እኔ ነኝ” አለ። “ማለቴ፣ ያን ሁሉ ካርቶን ስታነሺ ኩዊት አድርጊ፣ ሥራውን ተይው ማለት ነበረብኝ።”

አንተ አይደለህም ማለት ይገባኝ ነበር። ቀበቶዬን አሰርኩና ሥራ እንዳይረፍድበት እንዲነዳ ነገርኩት። እስከ ዛሬ ራሱን ይወቅሳል፤ እኔም ሐኪሟ ስለ ሸፈንኩት ጥፍር ያለችኝን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።