በበረኪና የታጠበው ገንዳ

አገሩ ነፃ በወጣ በዓመቱ፣ የወሎዋ ዘሚራ ዓዲ ጓዕዳድ በሚባል የትግርኛ ተናጋሪዎች መንደር ጫጩት ታረባ ነበር። ያላት ሁሉ እነሱ ነበሩ። ዶሮን ብቻ በሚይዝ የኮሮና ቫይረስ ዓይነት የሚመጣ ሳል ሰፈሩ ሲደርስ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ልዑል በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ክትባት ሰጣት። እሷም ለመድኃኒቱ ክብር ብላ የጫጩቶቹን የውሃ ገንዳ በበረኪና ፈትጋ አጠበችና ክትባቱን በጠበጠችበት።

«ሙሽራ ይጠጣበታል እንዴ?» አለቻት ለተሚካኤል የምትባለው ጎረቤቷ እየሳቀች።

ጫጩቶቹ ግን ከአንዲት በቀር በሳሉ እየታፈኑ አለቁ። ልዑል መጥቶ ገንዳውን አሸተተ።

«ዘሚራ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ክትባቱ እኮ ሕይወት ያለው ነው። በረኪናው ገደለው።»

«ቆሻሻ እንዳይነካው ብዬ ነበር» አለች።

«ኣይፋል፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ እኔ ነበርኩ ልነግርሽ የሚገባኝ።»

ዘሚራ የቀረችውን አንዲት ጫጩት በነጠላዋ ሸፍና ታቀፈቻት። ሳይመሽ የጫጩቷ ሳል ቆመ፤ ትንፋሿም አብሮ።